ድምፅ በዋት አይመዘንም

ማናቸውም የሙዚቃ መሣሪያ ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ይይዛል፤ አንደኛው ጣት የሚያርፍበት፣ ሁለተኛው የጣቱን ሥራ ተቀብሎ ለጆሮ የሚያደርሰው ክፍል ነው። የክራር አውታር ያለ ገበቴው፣ የማሲንቆ ጭራ በቆዳ ከተለበጠው ሣጥኑ ተለይቶ፣ የከበሮ ቆዳም ያለ ግንዱ ዋጋ የላቸውም። ይህን የማያውቅ ክራር ደርዳሪ አይገኝም። ገበቴው ቢሰነጠቅበት ከፊቱ ያገኘውን ጎድጓዳ ዕቃ ሁሉ አንሥቶ አውታሩን አይወጥርበትም፤ እንጨቱን ያንኳኳል፣ ቆዳውን በጣቱ ይፈትናል፣ ድምፁን ያዳምጣል፤ ከዚያ በኋላ ይመርጣል።

የኤሌክትሪክ ጊታር ገበቴ ግን በተጫዋቹ እቅፍ ውስጥ የለም። ደረቱ ድፍን እንጨት ነው፤ ገመዱ ከተነቀለ አጠገቡ ከተቀመጠው ሰው በቀር የሚሰማው የለም። ገበቴው ከተጫዋቹ በስተኋላ የቆመው የስፒከር ሣጥን ነው፤ ቆዳውም በዚያ ሣጥን ውስጥ የሚንቀጠቀጠው ሾጣጣ ወረቀት ነው። ይሁንና ስለ ክራሩ ይህን ያህል የሚጠነቀቀው ሰው የጊታሩን ገበቴ በሚመርጥበት ጊዜ ጆሮውን ቤቱ ትቶ ዓይኑን ብቻ ይዞ ገበያ ይወጣል። ዓይኑም የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በካርቶኑ ላይ በጉልህ የተጻፈውን የዋት ቁጥር።

የነገሩ ክብደት በተለይ ጎልቶ የሚታየው ከቢሾፍቱ ተነሥቶ ሞጆ ላይ በሚከፈለው፣ በአንድ ወገን ወደ አዳማ፣ በሌላው ወገን በመቂና በባቱ በኩል ወደ ሻሸመኔ በሚዘልቀው የስምጥ ሸለቆ መሥመር ነው። የአዳማ ነፋስ የታወቀ ነው፤ በ2004 ዓ.ም. ተርባይን ተተክሎ ኤሌክትሪክ እንዲመነጭበት የተደረገ ነፋስ ነው። ይኸው ነፋስ የሚያነሣው ደቃቅ አቧራ ግን በሣጥኑ ጨርቅ አልፎ ከስፒከሩ ማግኔትና ከጥቅል ሽቦው መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ይሰገሰጋል። የቆላው ሙቀት ማጣበቂያውን ያለሰልሳል፤ በሠርግ ዳስ ከማታ እስከ ሌሊት የሚዘልቀው ጨዋታ ሽቦውን ያግላል፤ በመኪና ላይ የሚደረገው ጉዞ ደግሞ የደረቀውን ወረቀት ከጠርዙ ይቀድደዋል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የድሮ ሣጥን ይዞ የሚዞር ባንድ ሁሉ አንድ ቀን ስፒከር መለወጥ ግድ ይሆንበታል። ጥያቄው ይለወጥ ወይስ አይለወጥ አይደለም፤ በምን ይለወጥ ነው።

ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልሶች ሦስት ዓይነት ስሕተት የተሞሉ ናቸው። ሦስቱም ከገንዘብ ኪሣራ አልፈው የአንድን ሙዚቃ ጠባይ የሚያበላሹ ስለሆኑ በዝምታ ሊታለፉ አይገባም።

የመጀመሪያው ስሕተት የዋት አምልኮ ነው። ነጋዴው «ይህ 25 ዋት ነው፤ ያ ግን 300 ዋት ነው» ሲል ገዢው የኋለኛው ከፊተኛው አሥራ ሁለት ጊዜ የሚበልጥ ድምፅ የሚሰጥ ይመስለዋል። የመሥሪያ ቤት የግዢ ኮሚቴም በዝርዝሩ ላይ ትልቁን ቁጥር በትንሹ ዋጋ ያቀረበውን ይመርጣል፤ ሥራውንም በሚገባ የፈጸመ ይመስለዋል። በመሠረቱ በስፒከር ላይ የተጻፈው ዋት የድምፅ መጠን አይደለም። ስፒከሩ ሽቦው ሳይቃጠል፣ ወረቀቱም ሳይቀደድ ሊሸከመው የሚችለው የኤሌክትሪክ ኃይል ልክ ነው። የጋሪ ፈረስ ስንት ኩንታል ሊጎትት እንደሚችል ማወቅ አካሄዱን ማወቅ አይደለም።

ድምፁን የሚናገረው ሌላ ቁጥር ነው፤ ይኸውም ስፒከሩ አንድ ዋት ሲሰጠው በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል ድምፅ እንደሚያወጣ የሚገልጸው ነው። ይህ ቁጥር ብዙውን ጊዜ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል፤ የሚጠይቀውም ሰው ጥቂት ነው። ሴሌስሽን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ «ብሉ» በሚል ስም የሚታወቅ ባለ 12 ኢንች ስፒከር አለው። የሚሸከመው 15 ዋት ብቻ ሲሆን ድምፁ 100 ዴሲቤል ነው። በማግኔቱ አረንጓዴ ሽፋን ምክንያት «ግሪንባክ» የተባለው የዚያው ኩባንያ ስፒከር ደግሞ 25 ዋት ይሸከማል፤ ድምፁ ግን ወደ 98 ዴሲቤል ነው። እንግዲህ በአንድ አምፕሊፋየር ላይ በአንድ ልክ ቢከፈቱ ትንሽ ዋት ያለው ከትልቁ በልጦ ይሰማል። ሦስት ዴሲቤል መጨመር የአምፕሊፋየርን ኃይል በእጥፍ ከማሳደግ ጋር እኩል መሆኑ ከታወቀ፣ 97 ዴሲቤል የሚሰጠውን ስፒከር 100 በሚሰጥ መለወጥ የ50 ዋት አምፕሊፋየርን የ100 ዋት እንደማድረግ ይቆጠራል። በቁጥር የተታለለው ገዢ ግን 300 ዋት የሚሸከም፣ ድምፁ ግን 92 ዴሲቤል የሆነ ከባድ ዕቃ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ባለፈው ሳምንት ዳሱን ይሞላ የነበረው ጊታር ዛሬ ለምን እንደታፈነም ሊገባው አይችልም።

ይህ ሲባል ዋት ከቶ አይታሰብ ማለት አይደለም። ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር እስከ መጨረሻው ሲከፈት ከተጻፈበት ልክ በላይ ኃይል ስለሚያወጣ የስፒከሮቹ ድምር ከአምፕሊፋየሩ ልክ ከፍ ማለት አለበት። አራት ባለ 25 ዋት ስፒከሮች ለ50 ዋት አምፕሊፋየር በቂ መተማመኛ ይሆናሉ። ከዚያ በላይ የሚጨመረው ዋት ግን ጥቅል ሽቦውንና ወረቀቱን ስለሚያከብደው ድምፁን ሊያደነዝዘው ይችላል። ዋት የጥበቃ ቁጥር ነው፤ የውበት ቁጥር አይደለም።

ሁለተኛው ስሕተት ስፒከር ሁሉ አንድ ነው ብሎ ማሰብ ነው። ከመኪና የወጣ፣ ከካሴት ማጫወቻ የተረፈ፣ ለአዳራሽ ንግግር የተሠራ፣ ክቡና ስፋቱ እስከ ገጠመ ድረስ በጊታር ሣጥን ውስጥ ይበረገዳል። የቤት ሙዚቃ ማጫወቻ ስፒከር ዓላማው የተቀዳውን ሁሉ ሳይጨምር ሳይቀንስ ማሰማት ነው፤ ስለሆነም ከጥልቁ ድምፅ አንሥቶ እስከ 20,000 ኸርዝ ለመድረስ ይጣጣራል። የጊታር ስፒከር ግን የሚያሰማ ብቻ ሳይሆን የሚያዜም ነው። የጊታር ወፍራሙ ክር ክፍቱን ሲመታ ወደ 82 ኸርዝ ይሰጣል፤ ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን የወረቀቱ ጠባይ ራሱ ያጣራዋል። አምፕሊፋየሩ ተጨንቆ በሚጮኽበት ጊዜ የሚፈጥረውን ስል ጩኸት ወረቀቱ ስለሚያስቀረው ለጆሮ የሚደርሰው ሻካራ ነገር ግን ሞቅ ያለ ድምፅ ነው። በዚያው አምፕሊፋየር ላይ ባለ ትዊተር ስፒከር ቢገጠም ጊታሩ እንደተቆጣ ንብ ይጮኻል። አድማጩም ጥፋቱን በተጫዋቹ ላይ ያደርጋል፤ ተጫዋቹም በጊታሩ፤ እውነተኛው ጥፋተኛ ግን በሣጥኑ ውስጥ ተሸሽጎ ይቀመጣል።

በዚሁ ስሕተት ሥር የሚወድቀው የኦም ጉዳይ ነው። በብዙ የድሮ ሣጥኖች ውስጥ ያሉት አራት ባለ 16 ኦም ስፒከሮች ሁለት ሁለት ሆነው ተቀጣጥለው በድምሩ 16 ኦም ይሰጣሉ። በእነርሱ ፋንታ አራት ባለ 8 ኦም ገብተው በዚያው መሥመር ቢያያዙ ድምሩ 8 ይሆናል፤ የአምፕሊፋየሩ መምረጫም አብሮ መዞር አለበት። አራቱም ጎን ለጎን ቢያያዙ ደግሞ ድምሩ ወደ 2 ኦም ይወርዳል፤ ትራንዚስተር ያለው አምፕሊፋየር ይህን ሸክም ችሎ ሌሊቱን አያልፍም። ባለ ቫልቩ ደግሞ ስፒከር ተነቅሎበት ቢከፈት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። ከአራቱ አንዱ በተገላቢጦሽ ቢያያዝ ሦስቱ ወደ ፊት ሲገፉ እርሱ ወደ ኋላ ይስባል፤ ወፍራሙ ድምፅም እርስ በርሱ ተፋጅቶ ይጠፋል። ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው አንድ የ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ፖዘቲቩ ከፖዘቲቩ ሲነካ የአራቱም ወረቀት ወደ አንድ አቅጣጫ መንቀሳቀስ አለበት። የሁለት ደቂቃ ፈተና ባለመደረጉ ሙሉ ሠርግ በቀጭን ድምፅ ይታለፋል።

ሦስተኛው ስሕተት ከሁለቱ ይልቅ የተማረ መስሎ የሚቀርብ በመሆኑ የባሰ ነው፤ ይኸውም የስም አምልኮ ነው። «ቪንቴጅ ካልሆነ፣ የጥንቱ ዕቃ ካልሆነ አይሆንም» የሚሉ ወጣቶች ተነሥተዋል። የጥንቱን ድምፅ መውደዳቸው አይነቀፍም። ነገር ግን የሚወዱት ድምፁን ነው ወይስ ጽሑፉን ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ያስደነግጣል። ሴሌስሽን በ1924 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ኩባንያ ቢሆንም «ቪንቴጅ 30» የተሰኘው ስፒከሩ የወጣው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። ስለሆነም በ1960ዎቹ በተቀዱ የታወቁ ሸክላዎች ላይ ሊሰማ አይችልም፤ በተቀዱበት ጊዜ አልተወለደምና። 30 የሚለውም የዋቱ ልክ አይደለም፤ የሚሸከመው 60 ዋት ነው። ጥሩ ስፒከር አይደለም ማለት ግን አይቻልም፤ 100 ዴሲቤል የሚሰጥ፣ በመካከለኛው ድምፅ ላይ ጎላ የሚል ጠንካራ ዕቃ ነው። ስሙን አይቶ የግሪንባክን ለስላሳ ጠባይ ከእርሱ የሚጠብቅ ሰው ግን ማዘኑ አይቀርም።

የማግኔቱም ነገር እንዲሁ ነው። በ1950ዎቹ የፌንደር አምፕሊፋየሮች ውስጥ ይገቡ የነበሩት የቺካጎው ጄንሰን ስፒከሮች ማግኔታቸው ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬልና ከኮባልት የተቀላቀለ ነበር። ይህ ዓይነት ማግኔት ውድ በመሆኑ በ1960ዎቹ ብዙዎቹ የጊታር ስፒከር ሠሪዎች ወደ ርካሹ ሴራሚክ አዘነበሉ። በ1978 እ.ኤ.አ. በዛየር ሻባ ክፍለ ሀገር በተነሣው ጦርነት የኮባልት ዋጋ ሲንር ደግሞ ከቀሩት መካከል ብዙዎቹ ለመተው ተገደዱ። እንግዲህ ዛሬ እንደ ቅዱስ ነገር የሚቆጠረው ልዩነት በከፊል የተወለደው ከአፍሪካ ማዕድን ዋጋ ነው፤ ከምሥጢራዊ ጥበብ አይደለም። ጄንሰን የሚለው ስም ዛሬ በጣሊያን አገር በሚሠሩ ስፒከሮች ላይ ይገኛል፤ ከሴሌስሽን ምርቶችም አብዛኛዎቹ በቻይና ይሠራሉ። ይህ ሁሉ ዕቃዎቹን አያስነቅፋቸውም። ስም ግን በጆሮ ፈንታ ሊዳኝ እንደማይችል ያስረዳል።

ከእነዚህ ስሕተቶች በስተጀርባ ያለው ጥፋት አንድ ነው፤ ከዘፈኑ ሳይነሡ ወደ ዕቃው መሄድ። በትዝታና በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ቅኝት ውስጥ ያለው ጊታር እንደ ሌላው ዓለም ሮክ ጊታር በወፍራም ኮርዶች ግድግዳ አያቆምም። የክራሩን ልማድ ወርሶ ነጠላ ድምፆችን እያከታተለ፣ ከዘፋኙ ትንፋሽ ሥር ሥር እየሄደ፣ ስንኙ ሲያበቃ ብቅ ብሎ መልስ ይሰጣል። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 እ.ኤ.አ. ከአይቤክስ ባንድ ጋር ያወጣው «እሬ መላ መላ» ለዚህ ምስክር ነው። የሰላም ሥዩም ጊታርና የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ እርስ በርሳቸው ሳይጋፉ፣ ድምፃዊውንም ሳይሸፍኑ የሚጓዙበት ሸክላ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. በቤልጅየም በድጋሚ ታትሞ የውጭውን አድማጭ ያስደነቀው የጩኸቱ ብዛት አልነበረም፤ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን ስፍራ ይዞ መገኘቱ ነው። ያን ስፍራ የሚወስነው ጣት ብቻ አይደለም፤ ስፒከሩም አብሮ ይወስነዋል። በወፍራሙ ድምፅ የሚያጉረመርም ስፒከር ቤዙን ይጋፋል፤ በላይኛው ድምፅ የሚሰነጥቅ ደግሞ ዘፋኙን ይወጋል።

ለአዳማና ለአካባቢዋ ከያንያን ነገሩ ይበልጥ የቅርብ ነው። ከድሬዳዋ የአፍራን ቀሎ ቡድን ተነሥቶ የኦሮምኛን ዘመናዊ ዘፈን ለዓለም ያሰማው ዓሊ ቢራ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ያረፈው በአዳማ ነው። የዓሊ ቢራ ዜማ በዑድ ላይ የበቀለ ዜማ ነው፤ ጣት አውታሩን ሲነካ የምትሰማው የመጀመሪያዋ ቅጽበት፣ ከዚያም ቀስ ብላ የምትጠፋዋ ድምፅ የዜማው ነፍስ ናት። ያን ዜማ በኤሌክትሪክ ጊታር ለማጀብ የሚነሣ ወጣት ፈጥኖ የሚመልስ፣ ቀለል ያለ ወረቀት ያለው ስፒከር ያስፈልገዋል። ከባድና ደንዳና የሆነውን የዳንስ ቤት ስፒከር ቢገጥም የጣቱን ንክኪ ዱላ ያደርግበታል። በአንጻሩ በሻሸመኔ የጃማይካውያን መኖሪያ የሚወደደውን ሬጌ የሚጫወት ባንድ ጊታሩ አጭርና ደረቅ ምት ስለሚሰጥ፣ ቤዙም ለብቻው ሌላ ሣጥን ስለሚፈልግ ምርጫው ልዩ ይሆናል። የአንዱ መልስ ለሌላው አያገለግልም።

ስፍራም የራሱ ፍርድ አለው። በሶደሬ ዛፎች ሥር ወይም በገላጣ ሜዳ ላይ ድምፅን የሚመልስ ግድግዳ ስለሌለ ጀርባው የተዘጋ ሣጥንና ከፍተኛ ዴሲቤል ያላቸው ስፒከሮች ይረዳሉ። ኮንክሪት በሆነ የሆቴል አዳራሽ ውስጥ ግን ያው ሣጥን የፊተኛውን ረድፍ ያደነቁራል፤ ጀርባው ክፍት የሆነና ዝቅ ያለ ዴሲቤል ያለው ይሻላል። በሁለቱም ስፍራ የሚሠራ ባንድ ከአራቱ ስፒከሮች ሁለቱን ከአንድ ዓይነት፣ ሁለቱን ከሌላ ዓይነት አድርጎ ማቀላቀል ይችላል፤ ኦማቸው እኩል፣ የዴሲቤላቸውም ልዩነት ጥቂት እስከ ሆነ ድረስ የአንዱ ጉድለት በሌላው ይሞላል።

«ይህ ሁሉ ጊዜው ያለፈበት ክርክር ነው፤ ዛሬ ኪቦርድ አለ፣ የሣጥንን ድምፅ አስመስሎ በቀጥታ ወደ ትልቁ ድምፅ ማጉያ የሚልክ ዲጂታል መሣሪያም አለ» የሚሉ ወገኖች አይጠፉም። አባባላቸው ጨርሶ ሐሰት አይደለም። መሣሪያው ቀላል ነው፣ በአቧራ አይሞትም፣ በአንድ እጅ ይያዛል። ሆኖም አንድ ነገር ይዘነጋሉ፤ የሚያስመስለው ያንኑ የወረቀት ስፒከር ነው። የእውነተኛውን ድምፅ የሚያውቅ ጆሮ ከጠፋ አስመሳዩን ልክ ነው ወይስ አይደለም ብሎ የሚፈርድ ማን ይቀራል? ደግሞም በቀላልነቱ ምክንያት አንድ ሰው በኪቦርድ የባንዱን ሥራ ሁሉ እንዲሸፍን ሲደረግ ሥራ የሚያጣው ስፒከሩ ብቻ አይደለም፤ ጊታር ተጫዋቹም ነው። ሣጥኑን መጠበቅ የሙያ ሰውንም መጠበቅ ነው።

ከመግዛት በፊት ግን መጠገን አለ። ወረቀቱ ከጠርዙ ጥቂት የተቀደደ ስፒከር በስስ ወረቀትና በቀጭን ማጣበቂያ ሊድን ይችላል። ሽቦው የተቃጠለበት እንኳ ማግኔቱና ብረቱ ደኅና ከሆኑ አዲስ ጥቅል ሽቦና ወረቀት ሊገጠምለት ይችላል። ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ እጆች በስምጥ ሸለቆ ከተሞች አሉ፤ የጎደላቸው ትክክለኛው ወረቀትና ትክክለኛው መረጃ ነው። ወፍራም ማስቲሽ የተለቀለቀበት ወረቀት ክብደቱ ስለሚለወጥ ድምፁም ይለወጣል፤ ይህን ለጠጋኙ የሚነግረው ሙዚቀኛው መሆን አለበት። አራት ስፒከር ባለበት ሣጥን ውስጥ አንዱ ስለሞተ አራቱንም አውጥቶ መጣልና በብድር አዲስ መግዛት ግን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው ነው።

እንግዲህ ለባህል ማዕከላት፣ ለትምህርት ቤቶችና ለሆቴሎች ዕቃ የሚገዙ ኮሚቴዎች ጊታር ተጫዋቹን ወደ ገበያ ይዘውት ይውጡ፤ ከካርቶኑም ላይ ከዋቱ በፊት ዴሲቤሉንና ኦሙን ያንብቡ። ሙዚቀኛውም የራሱን ጊታርና የራሱን አምፕሊፋየር ይዞ፣ በየቀኑ የሚጫወተውን ዘፈን በሚጫወትበት ልክ ከፍቶ ይፈትን፤ አዲስ ወረቀት ለጥቂት ሳምንታት ደረቅ መሆኑንም ዐውቆ ፍርዱን አያጣድፍ። ከቡድኑ አንድ ሰው አዳራሹ መጨረሻ ቆሞ ይስማ፤ ስፒከሩ ዘፋኙን ካስደመጠ ይገዛ፣ ከሸፈነው ይመለስ። የወጡትንም አሮጌ ስፒከሮች ቆሻሻ ላይ መጣል አይገባም፤ ነገ የሚጠግናቸው እጅና የሚፈልጋቸው ዘፈን ይመጣል።

ክራር ደርዳሪው ገበቴውን ሲመርጥ እንጨቱን ያንኳኳል እንጂ ዋጋውንና ስፋቱን ብቻ አይጠይቅም። የጊታሩ ባለቤት ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ እንዲያደርግ የሚፈቅድለት ምክንያት የለም።